ኦሪት የወጣ ዕለት

የልጅ ልጄ ድመቷ አንገት ላይ ትንሽዬ ቃጭል አስራለች። ድመቷ ሳሎን ውስጥ በሮጠች ቁጥር፣ ምን ልበላችሁ፣ ደሜ ይፈላል።

በሰማንያዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ከሱዳን አትላንታ ከገባሁ ገና ሁለት ወር ቢሆነኝ ነው። የአጎቴ ሚስት ታከር የሚባል የከተማው ዳር ሰፈር ያለው ቤቷ አስጠግታኝ፣ እሷ የምታጸዳበት የአይሁድ ምኩራብ አስቀጠረችኝ። በአፌ አንቱ እላታለሁ፤ በልቤ የምላትን ግን እግዜር ነው የሚያውቀው። "ሥራሽን ሥሪ! ከማንም ጋር እንዳትገለፍጪ!" ትለኝ ነበር። እዚያ ፊት የሚሰጠኝ አንድ ጢማም ሽማግሌ ብቻ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላም ይለኛል።

ቅጠል መርገፍ በጀመረ ሰሞን፣ ጠዋት፣ ኮሪደሩን ስንወለውል የጸሎት አዳራሹ ትልቅ በር ተከፈተ። ዓመቱን ሙሉ ያነበቡትን ኦሪት ጨርሰው እንደገና ከዘፍጥረት የሚጀምሩበት በዓል መሆኑን ኋላ ነው ያወቅኩት። ያኔ ያየሁት ከፋይ የለበሰ፣ የብር አክሊል የደፋ ነገር በሰው እቅፍ ሲወጣ፣ ቃጭሉ ሲንሿሿ፣ ሕዝቡ ሲጨፍር ነው። የአሮጌ ብራና ሽታ አወደኝ። ታቦት ሲወጣ ዝም ብሎ የሚቆም ማን አለ? ጫማዬን አውልቄ እልልታዬን አቀለጥኩት።

ጭፈራው ቀጥ አለ። የአጎቴ ሚስት ክንዴን በጥፍሯ ያዘችኝ።

"አንቺ የማትረቢ! ንግሥ መሰለሽ? ከሥራ ፋየር ልታስደርጊኝ ነው?"

ሽማግሌው ግን እየሳቀ መጣ። ያቀፈውን የኦሪት ጥቅልል ወደ እኔ ዘንበል አድርጎ፣ ነክቼ እንድሳለም በእጁ አሳየኝ። እኔ ሴቲቱ ታቦት ልነካ? ፊቴን በሻሼ ሸፍኜ ወደ ኋላ ሸሸሁ። ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። የተጸየፍኩት መሰለው።

"እትዬ፣ ይንገሩልኝ! አክብሬ ነው ይበሉልኝ!"

ታውቃለች እኮ! እንደኔው ቤተ ክርስቲያን ያደገች ናት፤ እንግሊዝኛውም ነበራት። "ሶሪ፣ ኒው ገርል" ብላው ባልዲዋን አነሳች።

በማግስቱ "ከእንግዲህ በመኪናዬ አልወስድሽም" አለችኝ። ያለ መኪና ደግሞ ከታከር የትም አይኬድ፤ ሥራዬ በዚያው ቀረ።

እንግሊዝኛውን ከቴሌቪዥን፣ ከሱቅ ወረቀት ለቃቅሜ ተማርኩ። "አክብሬ ነው" ማለት ስችል፣ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ተመልሼ ሄድኩ። ሽማግሌውን ስጠይቅ በር ላይ የነበረችው ሴትዮ አንገቷን ደፍታ ማረፉን ነገረችኝ።

እሱን ልነግረው ያሰብኩትን ሁሉ ለእሷ ነገርኳት። እጄን ይዛ እስክጨርስ ሰማችኝ። ደግ ሴት ነበረች፤ ግን እሱ አይደለችም።