ከቦዩ አፋፍ ላይ

ሠራተኞቹ ፊት ለፊት «ተቆጣጣሪዋ» ይሏታል፤ ዞር ስትል ደግሞ «እትዬ ይፍረስ»። ቅጽል ስሙ የወጣላት አንድ ጊዜ የተጣመመ ግንብ አይታ፣ ምንም ሳትቆጣ፣ ሻይ የምታዝ በሚመስል ድምፅ «ይፍረስ» ስላለች ነው። ያን ቀን ግንበኛው አልቅሷል ይባላል። እሷ ግን ሲሚንቶ ዓይኑ ገብቶበት ነው እንጂ አላለቀሰም ትላለች።

ሥራዋ ማየት ነው። ብረቱ በደንብ መታሰሩን፣ ቱቦው ተዳፋቱን መጠበቁን ታያለች። ኮንክሪት ሲመጣ ከቆርቆሮ በተሠራ ቅርጽ ውስጥ ሞልታ፣ ቅርጹን ቀስ ብላ ታነሣና ክምሩ ምን ያህል እንደሚረግብ ትመለከታለች። እንደ ሾርባ ከተዘረጋ መኪናው ወደ መጣበት ይመለሳል። ነገር ግን ሠራተኛውን ማዘዝ አትችልም። መጀመሪያ ስትቀጠር አለቃዋ በግልጽ ነግሯታል። «ያየሽውን ለመሐንዲሱ ትናገሪያለሽ፤ ሠራተኛው የተቋራጩ ነው፤ ውረድ፣ ውጣ አትዪውም።» እሷም ይህን ነገር ወዳው ኖራለች። ሰው ማዘዝ አይሆንላትም።

ታላቅ ወንድም አላት። ወንድም ጋሼ ትለዋለች። አባታቸው ሲሞት እሷ ገና የወተት ጥርሷ አልወለቀም ነበር፤ እሱ ትምህርቱን ጥሎ ድንጋይ ተሸክሞ አሳደጋት፣ የቴክኒክ ትምህርት ቤትም አስገባት። እሱ ራሱ በቁፋሮ ሥራ ውሎ አድሮ ፎርማን ሆነ። ሁለቱ አንድ ሳይት ላይ ተገናኝተው አያውቁም፤ ተጠነቃቅቀው ነበር የሚኖሩት። በኋላ ግን በገበያው መንገድ ሥር የፍሳሽ መስመር ይዘርጋ ተባለ። ተቋራጩ ወንድሟን ቀጠረ፤ መሥሪያ ቤቷ ደግሞ ሥራውን እንድትቆጣጠር እሷን መደባት።

ወዲያው አለቃዋ ዘንድ ሄደች።

«እዚያ ያለው ወንድሜ ነው። ሌላ ሰው ይመደብ።»

«ማን አለኝ እህቴ? አንዱ ታሟል፣ አንዱ ለቋል፣ የቀረው ድልድዩ ላይ ነው። እንደምንም ተወጪው።»

ወንድሟ ሲያያት በሠራተኞቹ ፊት እጆቹን ዘረጋ። «አፍንጫዋን የጠረግኩላት ልጅ ዛሬ እኔን ልትፈትሽ መጣች! ጉድ ነው!» ሁሉም ሳቀ። እሷም ሳቀች። በዚያው ሳምንት ያስመጣውን ኮንክሪት ስትመልስበት ግን የሳቀው እሱ ብቻ ነበር።

መሬቱ ሽቅብ እየሄደ ሲመጣ ቦዩ እየጠለቀ ሄደ። በመጀመሪያ ግራና ቀኙን ሳንቃ ደግፎት ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ስትመጣ ሳንቃው የለም፤ ተቋራጩ ለሌላ ሥራ ወስዶታል። ለመሐንዲሱ ነገረችው፤ መሐንዲሱ ለተቋራጩ ነገረው፤ ተቋራጩ «ነገ ይመጣል» አለ። ነጋ፤ አልመጣም። ደግማ ተናገረች። እንደገና «ነገ» ተባለች። ከዚያ ዝናብ ጣለ።

በማግስቱ የተቆፈረው አፈር አፋፉ ላይ እንደ ተከመረ ነበር። ከክምሩ ጀርባ መሬቱ ላይ ቀጭን ስንጥቅ አየች። ጎንበስ ብላ ጣቷን ብታስገባው ገባ። ወደ ታች ስታይ ወንድሟና ሁለት ሠራተኞች ቱቦ ያጋጥማሉ።

«ወንድም ጋሼ፣ ውጡ!»

«ይቺን ላጋጥምና።»

«አሁን! መሬቱ ተሰንጥቋል።»

ቀና ብሎ ፊቷን አየ፤ ቀልድ እንዳልሆነ ገባው። ሠራተኞቹን ወደ መሰላሉ ገፋቸው። ይሄኔ የተቋራጩ ወኪል እየሮጠ መጣ።

«ማነሽ አንቺ የምታዥው? የቱቦሽን ልኬት እይ! ዛሬ ካልተሸፈነ መንገዱ አይከፈትም።» ከዚያ ወደ ታች ጮኸ። «ፎርማን፣ ከወጣህ በዚያው ነው!»

ስልኳን አውጥታ መሐንዲሱ ጋ ደወለች። ጠራ፣ ጠራ፣ ተዘጋ። ደግማ ደወለች። «ስብሰባ ላይ ነኝ» የሚል መልእክት መጣላት። አለቃዋ ጋ ደወለች፤ አያነሣም። ወንድሟ ባለፈው ዓመት ሥራ ፈትቶ ቤት ከርሞ ነበር፤ ልጆቹ ፊት ተቀምጦ መዋል ምን እንደሚመስል ያውቀዋል። «እነሱ ይውጡ» አላት፣ «እኔ ይቺን ጨርሼ እመጣለሁ፤ አትጨነቂ እታለም።»

ሁለቱ ወጡ። እሷ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች መሬቱ ተንሸራተተ። ያን ያህል ድምፅ አልነበረውም፤ አሮጌ ፍራሽ ወለል ላይ እንደ መጣል ነው።

አፈሩ እስከ ደረቱ ውጦታል። ሠራተኞቹ ዘለው ሊገቡ ሲሉ ቀበቷቸውን ይዛ ጎተተቻቸው። «አትግቡ! ያኛው ወገንም ይወርዳል!» ኤክስካቫተሩን ያስነሣውን ሹፌርም አስቆመችው፤ የማሽኑ ጥርስ ሰውየውን ይቆርጠዋል። የዚያን ቀን የምታውቀው ሁሉ «አይቻልም» የሚል ብቻ ነበር። የመሻገሪያውን ጣውላ አስዘርግታ በደረቷ ተኛችና እጇን ወደ ታች ላከች። አልደረሰችበትም።

«እታለም» አላት፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «አየሽ፣ ይፍረስ ሳትዪው ፈረሰ።»

«አታውራ። ትንፋሽህን ቆጥብ፣ በእናቴ።»

የእሳት አደጋ ሠራተኞች ደርሰው፣ ግድግዳውን በእንጨት ደግፈው፣ በትንንሽ አካፋና በእጃቸው ቆፍረው እስኪያወጡት ቀኑ ተጋመሰ። በሕይወት ወጣ። ሐኪሙ ግን አንድ እግሩ እንደማይተርፍ ነገራት፤ እንዳለውም ሆነ።

አጣሪዎች መጡና ጠየቋት።

«ስንጥቁን አይተሽዋል?»

«አይቻለሁ።»

«ተናግረሻል?»

«ተናግሬአለሁ።»

«ታዲያ ሥራው ለምን አልቆመም?»

ስልኳን አውጥታ የደወለችባቸውን ቁጥሮች አሳየቻቸው። እነሱም አላስጨነቋት፤ ግዴታዋን በሚገባ ተወጥታለች አሉ። አለቃዋ እጇን ጨበጣት። ሳንቃው በአደጋው ማግስት መጣ። ወኪሉ ወደ ሌላ ሳይት ተዛወረ፤ መንገዱም ጥቂት ዘግይቶ ተከፈተ።

የወንድሟ ቤት ደረጃው ብዙ ስለሆነ ከነቤተሰቡ ወደ እሷ ገባ። የገበያውን መንገድ ነገር አንሥቶባት አያውቅም። ከሥራ ስትመለስ «እንዴት ዋልሽ?» ይላታል፤ «ደህና» ትለዋለች፤ ጨዋታቸው እዚያው ላይ ያልቃል። ቢወቅሳት ይሻላት ነበር።

ነገሩን ያነሣችባት ሚስቱ ናት። አንድ ቅዳሜ ግቢ ውስጥ ሁለቱ የታጠበ አንሶላ ጫፍና ጫፉን ይዘው ሲያጥፉ፣ ሴትዮዋ ድንገት ቆመች።

«መናገርሽን አውቃለሁ። ስልክ መደወልሽንም ነግረውኛል። ጥፋት አለብሽ አልልም» አለች። አንሶላውን ደረቷ ላይ ያዘችው። «ግን እኮ እህቱ ነሽ። ስልኩን ጥለሽ፣ ወርደሽ፣ እጁን ይዘሽ ብታለቅሺበት አይወጣም ነበር?»

ተቆጣጣሪዋ አፏን ከፈተች። መውረድ እንደማይፈቀድ ልትናገር ነበር። ብትወርድ ሁለቱም ይቀበሩ እንደነበር ልትናገር ነበር። ወይም ደግሞ ወንድሟ ይወጣ ነበር፤ እንባዋን አይችለውም። የትኛው እንደሆነ አታውቅም። አንሶላው መካከላቸው እንደ ተንጠለጠለ፣ ከውስጥ «ውሃ ስጡኝ እባካችሁ» የሚል የወንድሟ ድምፅ ሲመጣ ሁለቱም እኩል ወደ በሩ ሄዱ።