የአባቴ ጠፍር ቅቤ የሸተተ ዕለት

ልጅ እያለሁ አባቴ ከሰፈሩ ሰው ሁሉ በላይ ነበር የሚውለው። ጉራ እንዳይመስላችሁ፣ ሥራው ነው። ሶዶ ውስጥ ቆርቆሮው ላይ ዛፍ ያዘነበለበት፣ ቅርንጫፍ የመብራት ሽቦ የነካበት፣ አቮካዶው እጅ የማይደርስበት ሰው "አንጁሎን ጥሩልኝ" ይላል። አባዬ አጭርና ቀጭን ሰው ነበር። ጫማውን ዛፉ ሥር ያወልቃል፣ ገጀራውን ወገቡ ላይ ሻጥ ያደርጋል፣ ከበሬ ቆዳ የተቆረጠ ጠፍሩን በግንዱና በወገቡ ዙሪያ ያስራል፤ ከዚያ ቀና ብላችሁ ስታዩ የለም፣ ቅጠል ውስጥ ገብቷል። ሲመሽ ላብና የባሕር ዛፍ ቅጠል እየሸተተ ይመጣል። ጉንፋን ይዞት የታጠነ ሰው ቤት የገባ ይመስል ነበር።

መሬት ላይ የዋህ ነው። ገበያ ሄዶ የተጠየቀውን ዋጋ ከፍሎ ይመጣል፣ እማዬ ትናደድበታለች። ዛፍ ሥር ሲቆም ግን ሌላ ሰው ይሆናል። መጀመሪያ ሦስት አራት ጊዜ ይዞራል። ከዚያ በገጀራው ጀርባ ግንዱን ይመታና ጆሮውን ይለጥፋል። ባሕር ዛፍን እንኳን ይወደው ነበር፤ ሊሰበር ሲል ጎንበስ ይላል፣ ይንቋቋል፣ ጊዜ ይሰጥሃል ይላል። አቮካዶ ግን ለምለም መስሎ ይቆይና ድንገት ቀጭ ነው። "አቮካዶ ሲስቅልህ እግርህን ሰብስብ" ይል ነበር። ባሌ ዛሬ የእኔን ተጠራጣሪነት ሲያይ ከአባትሽ የወረስሽው ነው ይለኛል። አይደለም። እኔ ከየት እንዳመጣሁት አውቃለሁ።

ዛፍ ወጪ አንድ ደንብ አለው። ቅጠሉ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ ሦስት ጊዜ "ላይ ነኝ!" ብሎ ይጣራል። አባዬ መጀመሪያ በወላይትኛ፣ ቀጥሎ ከሌላ አገር ተመድበው ለመጡት የመንግሥት ሠራተኞች ብሎ በአማርኛ ይጣራ ነበር። ይህን የሰማ ገላውን የሚታጠብ ይሸፈናል፣ የሚጣላ ድምፁን ይቀንሳል። ከላይ የስድስት ሰባት ሰው ግቢ ይታያላ። እና ያየውን ወርዶ አያወራም። ካወራ ማን ግቢው ያስገባዋል? ሰዎች ይህን እያወቁም በጎሪጥ ያዩት ነበር። ሰላምታ እየሰጡት ዓይናቸው "ምን አይተህ ይሆን?" ይላል። እኔም ልጁ ሆኜ በዚያ ዓይን ከማየት አልዳንኩም።

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ነው። ለጊፋታ፣ ለዘመን መለወጫችን፣ የሰፈራችን ሴቶች ዓመቱን ሙሉ ቅቤ ያጠራቅሙ ነበር። በየሳምንቱ ከየቤቱ እየተሰፈረ አንድ ትልቅ እንስራ ውስጥ ይገባል፣ አፉ በእንሰት ቅጠል ይታሰራል፣ በዓሉ ሲደርስ እኩል ይካፈሉታል። ለልጅ ያ እንስራ ማለት ሙቿ ማለት ነው፤ ቆጮው ቅቤ እስኪተፋ ታሽቶ ጣታችንን የምንልስበት ቀን። እንስራው የሚቀመጠው እትዬ ዘነበች ቤት ነበር። እትዬ ዘነበች ጾመኛ፣ ጸሎተኛ፣ የሰው ሳንቲም መንገድ ላይ ቢያገኙ ባለቤቱን ሲፈልጉ የሚውሉ ሴት ናቸው። ባላቸው ግን ኃይለኛ ነበሩ። ልጃቸው ያልወደዱትን ሰው አግብታ ቦዲቲ ከሄደች ወዲህ ስሟ በዚያ ቤት አይነሳም።

ጊፋታ ሳምንት ሲቀረው አባዬ እነ እትዬ ዘነበች ጓሮ ያለውን አቮካዶ ሊከረክም ሄደ። ቅርንጫፉ ቆርቆሮው ላይ ተኝቶ ነበርና ሁለት ቀን ፈጀበት። በሁለተኛው ቀን ሲመጣ ጠፍሩን እንደ ልማዱ በሩ ጀርባ ሰቀለው። እኔ በሩ ጀርባ ተደብቄ ከወንድሜ ጋር ድብብቆሽ እየተጫወትኩ ነበር፣ አፍንጫዬ ከጠፍሩ ጋር ገጠመ። ቅቤ ቅቤ ይሸታል። አባዬ ጠፍሩ እንዳይሰነጠቅ በሞራ ነበር የሚያሸው፤ ሞራ ደግሞ ምን እንደሚሸት አውቃለሁ። ይሄ ሌላ ነው፣ የለጋ ቅቤ ሽታ። ለእማዬ ራስ መቀቢያ እንኳ ያልተገኘ ቅቤ። ገርሞኝ ወንድሜ እስኪያገኘኝ ድረስ ሳሸተው ቆየሁ።

በዓሉ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ሴቶቹ እንስራውን ከፈቱ። ቅጠሉ እንደታሰረ ነው፣ ቅቤው ግን ከወገብ በታች ወርዷል። ማን እንደወሰደው ሳይለይ አንካፈልም ተባለና እማዬ ባዶ ሣህን ይዛ ተመለሰች። የዚያን ዕለት ሰፈሩ ውስጥ ሴቶች ሦስትም አራትም እየሆኑ በየአጥሩ ሥር ቆሙ። ማን ገባ? ማን ወጣ? እትዬ ዘነበች ከሁሉም በላይ ያለቅሱ ነበር። የአባዬ ስም ተነሳ፣ ግን ገና በሹክሹክታ ነው፤ ሁለት ቀን ጓሮው ውስጥ ውሏል ከማለት በቀር ማንም የያዘው ነገር የለም።

የሚያዝ ነገር የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። በማግስቱ ትምህርት ቤት ለጓደኛዬ ለምሕረት ነገርኳት። "ለማንም እንዳትናገሪ፣ የአባዬ ጠፍር ቅቤ ቅቤ ይሸታል።" ለምን እንደነገርኳት እስካሁን አላውቅም። ከብዶኝ ነው መሰለኝ፣ ሌላ ሰው እንዲይዝልኝ ፈልጌ። ምሕረት ለእናቷ ነገረች። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሴቶቹ እኔን ሲያዩ ዝም አሉ፣ አንዷም ጉንጬን ስማኝ "እንዴት ነሽ የኔ እናት" አለችኝ። ያ መሳም እስካሁን ያቃጥለኛል።

ማንም ፊት ለፊት ሌባ አላለውም። እኛ አገር እንዲያ አይደረግም። ዝም ብለው መጥራት ተዉ። "አንጁሎን ጥሩልኝ" ቀረ። ቅርንጫፉ ቆርቆሮ ቢሰብርም ቆርቆሮው ይሰበር እንጂ እሱ ግቢ አይገባም። ይህን ጊዜ አባዬ ሥራ ፍለጋ ወደ ዱቦ፣ ወደ ቦምቤ ገጠር መሄድ ጀመረ። ሰኞ ጠዋት ወጥቶ ቅዳሜ ይመጣል፣ የማያውቁት ሰዎች ባሕር ዛፍ ላይ ይውላል። እማዬ አንድ ቀን ብቻ ጠየቀችው።

"እዚያ ዛፍ ላይ ምን አይተህ ነው?" አለችው።

"ቅጠል ነው ያየሁት" አላት።

"ሰዉ ሌባ እያለህ?"

"ይበል። ቅጠል ነው ያየሁት።"

እማዬ ሣህን ማጠቧን ቀጠለች፣ ትንሽ እያጋጨች። አመነችው አላመነችውም አላውቅም፤ ከዚያ በኋላ ጠፍሩን በእጇ ነክታው አታውቅም።

እኔስ? እኔ አላመንኩትም፣ በግልጽ ልንገራችሁ። ቅዳሜ ማንጎ ይዞልን ሲመጣ ወንድሜ ይሮጣል፣ እኔ "ከየት ነው?" እላለሁ። "ከዛፍ ነዋ፣ ከየት ይሆናል" ብሎ ይስቃል። እኔ አልስቅም። ከተማ ውስጥ የሆነ ሰው የሆነ ነገር ጠፋኝ ሲል መጀመሪያ የማስበው አባዬ የት ነበር ብዬ ነው። እስክሪብቶዬ ሲጠፋ የእሱን ኮት ኪስ ፈትሻለሁ። እስክሪብቶ ምን ያደርግለታል? እሁድ ቤተ ክርስቲያን ዓይኑን ጨፍኖ ሲዘምር ደግሞ በአፍረት እቀልጥ ነበር። ጭራሽ ይዘምራል፣ እላለሁ በልቤ። ቀስ በቀስ አጠገቡ መቀመጥ ትቼ ከጓደኞቼ ጋር ኋላ መቀመጥ ጀመርኩ።

እንዲህ ሆኖ ስድስት ዓመት ሄደ። የእትዬ ዘነበች ባል በሞቱ በዓመቱ፣ አንድ እሁድ፣ ምስክርነት ያለው ሰው ይቁም ሲባል እትዬ ዘነበች ተነሱ። መዝሙር አላዘዙም፣ እንደ ሌሎቹ ጥቅስ አልጠቀሱም። በወላይትኛ፣ ቀስ ብለው ተናገሩ። ልጃቸው ቦዲቲ ወልዳ፣ ባሏ ጥሏት ሄዶ፣ የአራስ ወግ የሚያደርግላት ሰው አጥታ ነበር። አባቷ ፈጽሞ አልሰማም ብለዋል። ስለዚህ እትዬ ዘነበች ከእንስራው ቅቤ እያወጡ፣ በጓሯቸው እንሰት መሃል ደብቀው፣ ለሚኒባስ ረዳት እየሰጡ ይልኩላት ነበር። አቮካዶው በተከረከመ በሁለተኛው ቀን አንጁሎ ምሳ ሊበላ ወርዷል ብለው ነው ወደ እንሰቱ የገቡት። ቅቤውን ጠቅልለው ቀና ሲሉ ከላይ አዩት። ሲወርድ አንድ ጭብጥ ቅቤ ሰጡት፣ አፍ መዝጊያ መሆኑ ነው።

"አልቀበልም ቢለኝ ፈርቼ እሞት ነበር" አሉ እትዬ ዘነበች። "ቤቱ ቢወስደው ደግሞ ተካፋዬ ሊሆን ነው። ተቀበለኝና እዚያው ፊቴ ቆሞ ሁሉንም ጠፍሩ ላይ አሸው። ከዚያ ጫማውን አድርጎ ሄደ። ሲወነጅሉት እኔ አብሬ ዝም አልኩ።"

ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ ዞሮ አባዬን አየ። እሱ መሬት መሬት ያያል፣ የተያዘ ሌባ ነበር የሚመስለው። ሰው ሲወጣ ሴቶቹ ከበቡት፣ እጁን ያዙት፣ አለቀሱ። "እኔ ምንም አላየሁም" አላቸው። የተናዘዙት ሴት እዚያው ቆመው እያሉ! እኔ ከኋላ ወንበር ሥር መዝሙር ደብተሬን የምፈልግ መስዬ ጎንበስ ብዬ ቆየሁ። እንደገና ይጠሩት ጀመር፣ ከበፊቱም በላይ። ስለ ጠፍሩ ሽታ ማን እንደተናገረ ግን ማንም አልጠየቀም፣ እኔም አልተነሳሁም።

አሁን አባዬ እኔ ጋ ነው የሚኖረው። ጉልበቱ እምቢ ብሎታል። የዛሬ ዛፍ ቆራጮች የራስ ቁር አላቸው፣ ቀበቶ አላቸው፣ የሞተር መጋዛቸው ከሩቅ ይሰማል። የሚጣራ ግን የለም። ሰውም ፎቅ ሠርቶ በረንዳው ላይ ሆኖ የጎረቤቱን ግቢ እንደልቡ ያያል፣ ያየውን ከመቀመጫው ሳይነሳ በስልክ ያወራል። እኔ መጋረጃ አጥብቄ እዘጋለሁ። የአባዬ ክፍል መጋረጃ ብቻ ክፍት ነው፤ የጎረቤትን ማንጎ ማየት ይወዳል።

ያለፈው ጊፋታ ማግስት ድፍረት አገኘሁና ነገርኩት። ስንት ዓመት በሆዴ የተለማመድኩትን ነው። ለምሕረት የነገርኳት እኔ ነኝ፣ በእኔ አፍ ነው ስምህ የጠፋው፣ በእኔ ምክንያት ነው ቦምቤ ድረስ የተንከራተትከው፣ ይቅር በለኝ አልኩት። እያለቀስኩ ነበር። እሱ እጁን አወዛወዘ።

"ስንት ዓመትሽ ነበር?"

"ዘጠኝ።"

"ታዲያ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ምን ታውቃለች። ወሬ ነው፣ ያልፋል፣ አለፈም።" ወደ እኔ ዞረ። "ሰዉ ያወራ። አንቺ ራስሽ ግን፣ አባቴ ሰርቋል ብለሽ አምነሽ ነበር?"

መዋሸት እችል ነበር። ዓይኑን ሳይ አቃተኝ።

"አዎ።"

"እስከ መቼ?"

"እትዬ ዘነበች እስኪናገሩ ድረስ።"

ወደ ጎረቤቱ ማንጎ ዞረ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ ዓመቱን ይቆጥር ነበር መሰለኝ።

"የሰፈሩን ሰው አውቅ ነበር" አለኝ በመጨረሻ። "አንቺን አላወቅኩም።"

ይቅርታ አዘጋጅቼ የገባሁት ለወሬው ነበር። ለዚህኛው፣ ስድስት ዓመት ላላመንኩት፣ አላዘጋጀሁም። ያኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ሲገባ እጁን አጮልቄ የማየው እኔ ነበርኩ። ዛሬ ሻይ ይዤለት ስገባ እሱ ፊቴን ያየኛል። ቆይቶ "እዚያ አስቀምጪው" ይለኛል፣ አስቀምጬለት እወጣለሁ።