ሰዒድ «አየር አጥሯታል» ያለ ዕለት

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ እንኳ አልነገርኳትም። በቤተ ክርስቲያናችን ለምስክርነት ስንት ጊዜ ወጥቻለሁ፤ መጠጥ መተዌን ተናግሬያለሁ፣ ከወንድሜ ጋር መታረቄን ተናግሬያለሁ፣ ይህቺን ግን ሁልጊዜ እዘላታለሁ። አሁንም የምጽፋት እየፈራሁ ነው። አልሰረቅሁም፣ ሰው አልገደልኩም። ታዲያ ለምን እንዲህ ያስፈራኛል?

አዳማ ውስጥ ሞተር ብስክሌት የሚጠገንበት ጋራዥ እሠራ ነበር። ባለቤቱ ጋሽ በቀለ ናቸው። ሰዒድ ደግሞ ነዳጅና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር የሚያስተካክል ሰው ነው፤ ከወሎ መጥቶ አዳማ ያደገ፣ ከእኔ በፊት የተቀጠረ። ዓይኑን ጨፍኖ ሞተር ያዳምጥና ነዳጅ በዝቷል ወይም አንሷል ይላል፣ አይስትም። ደንበኛ ከላንጋኖ ድረስ እሱን ብሎ ይመጣል። ኋላ ጋሽ በቀለ የሞተር ጉልበት መለኪያ፣ እኛ ዳይኖ የምንለውን፣ አስገቡና ማሽኑን ለእኔ ሰጡኝ። የኋላ ጎማው ሮለር ላይ ይሽከረከራል፣ ጉልበቱ ስክሪን ላይ በመስመር ይታያል። ስክሪኑን ይዤ የቆምኩት እኔ፣ ሰው የሚጠራው ግን ሰዒድን። ቀናሁ። ሌላ ስም አልሰጠውም፣ ቀናሁ።

ዕለቱ ዓርብ ነበር። አቦምሳ አካባቢ የሚሠራ የግብርና ባለሙያ ሞተሩን ሊወስድ መጥቶ ቆሟል። ሰዒድ ካርቡሬተሩን አጽድቶ ገጥሟል፣ እኔ የአየር ማጣሪያውን፣ ፊልትሮውን፣ አጥቤ መልሻለሁ። ዳይኖው ላይ አውጥቼ ነዳጅ ስሰጣት መስመሩ አምሮበት ሲወጣ ቆየና መሃል ላይ ሲደርስ ዝቅ አለ። ደግሜ ሞከርኩ፣ ያው ነው። የደንበኛው ፊት ተለወጠ፤ ሲኖትራክ ልቀድም ገብቼ እንዲህ ብትከዳኝ አበቃልኝ አለ። ጋሽ በቀለ እኔንና ሰዒድን እያፈራረቁ ያዩናል።

ሰዒድ ጎንበስ ብሎ አዳመጠ። «ነዳጅ አይደለም፣ አየር አጥሯታል» አለ።

አየር ሲል ጨርቁ ትዝ አለኝ። የአዳማ ንፋስ አቧራ እንዳያስገባብን፣ ፊልትሮ ስናወጣ የአየር መግቢያውን በጨርቅ እንወትፈዋለን። ያን ጨርቅ አላወጣሁትም። ሞተሩ ቀስ ሲል አየሩ በጎን ያልፋል፣ ሲፈጥን ግን ጨርቁን ስቦ አፉ ላይ ይለጥፈዋል። ሁሉም በአንዴ ገባኝ። ያኔ የእኔ ጥፋት ነው ብል ምን ይደርስብኝ ነበር? ትንሽ ቁጣ፣ ትንሽ ሳቅ፣ ከዚያ በላይ ምንም። እኔ ግን ነዳጁን የምታቀጣጥለውን ካንዴላ ፈትቼ አሳየኋቸው። ጠቁራለች። አየር ሲያጥርም ነዳጅ ሲበዛም ካንዴላ ይጠቁራል፣ ይህን አውቃለሁ። እያወቅሁ ነዳጅ በዝቶባታል፣ ችግሩ የካርቡሬተር ነው አልኩ።

ሰዒድ የጁምዓ ሰዓት ደርሶበት ስለነበር ተጣጥቦ ወጣ። እሱ ሊሰግድ በሄደበት እኔ ጨርቁን መዝዤ ኪሴ ከተትኩ። ካርቡሬተሩን በመፍቻ ነካ ነካ ያደረግሁ መሰልኩ። ሲመለስ አስነሳኋት፤ መስመሩ አንዲት ቦታ ሳይጎድል ወጣ። ምኑን እንደነካሁ ጠየቀኝ። አንተ ያበላሸኸውን ነው ያስተካከልኩት አልኩት፣ ሰው ፊት። ጋሽ በቀለ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ሰዒድ አንገቱን ደፍቶ መፍቻዎቹን ሰበሰበ።

ከዚያ በኋላ ሰዒድ የሠራውን ሁሉ ዳይኖ ላይ እንድፈትሽለት ይለምነኝ ጀመር። ልክ ሆኖ ሳለ ልክ መሆኑን አያምንም። አብረን ምሳ እየበላን ልንገረው እላለሁ፣ ነገ እላለሁ፣ ነገም እተወዋለሁ። ብዙም ሳይቆይ ጋራዡን ለቀቀ።

ባለፈው ወር መልካሳ ላይ ጎማዬ ተነፈሰና እየገፋሁ ጎሚስታ ጋ ስደርስ፣ ጎሚስታው እሱ ነው። «አካም ጂርታ ወንድሜ» ብሎ አቀፈኝ። ጎማዬን እየለጠፈ ሳለ አንድ ሰው መጥቶ ሞተሬን አዳምጥልኝ ብሎ ለመነው። ሰዒድ እኔ አልችልበትም ብሎ መለሰው። ጎማዬ ተለጥፎ አለቀ። ልሄድ ስል እጄን ያዘኝ።

«ያን ቀን ባትደርስልኝ ኖሮ ያ የአቦምሳው ሰውዬ በእኔ ጥፋት መንገድ ላይ ይቀር ነበር። ወላሂ፣ ሁሌ ዱዓ አደርግልሃለሁ። አላህ እጅህን ይባርክልህ።»

«አሜን» አልኩ።

አሜን አልኩ። ልጅ ነበርኩ አልላችሁም፣ የሁለት ልጆች አባት ነበርኩ። ደንግጬ ነው አልላችሁም፤ የደነገጥኩት ለአንድ ደቂቃ ነው፣ የዋሸሁት ግን ለዓመታት። ከመልካሳ ከተመለስኩ ወዲህ ስልኩን እየደወልኩ ሳያነሳው ስንቴ ዘጋሁት? ቁጣውን አይደለም የምፈራው። ስነግረው ዝም ብሎ ቢያየኝስ? ቢሆንም ቅዳሜ መልካሳ እሄዳለሁ። እናንተን ይቅርታ አልጠይቅም፣ የበደልኩት እናንተን አይደለም። እሱም ይቅር ባይለኝ መብቱ ነው። ብቻ ያን ዓርብ ትክክል የነበረው እሱ እንደሆነ ከእኔው አፍ ይስማ።