ልጄን ከጎራዴ ላስጥል ሳልሚያ የሄድኩ ለት

ዓርብ፣ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል፤ ፋሐሂል፣ ኩዌት

ቤቱ ሁሉ ተኝቶ ሳለ ጫማዬን በእጄ ይዤ ወጣሁ። አሠሪዬ ማዳም ፈቅዳልኛለች፤ ፈሪ ሰው ግን ፈቃድ ይዞም እንደ ሌባ ነው የሚወጣው። አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሴት ነኝና ጽሑፌ ቢንጋደድ አትታዘቡኝ።

የምሄደው ሳልሚያ፣ የሴቶች ፀጉር ቤት ወደምትሠራው ልጄ ወደ ዘምዘም ነው። ትናንት በስልክ ቪዲዮ ላከችልኝ፤ ጎራዴ አናቷ ላይ አጋድማ እንደ ዓረቦቹ ወገቧን ታሽከረክራለች። አምስት ጊዜ አየሁት፤ አምስቱንም ጊዜ የራሴን አንገት ይዤ።

1 ሰዓት፤ አውቶቡስ ላይ

ውጭው አቧራ ነው፣ ውስጡ ብርድ። አጠገቤ የተቀመጠች የደሴ ልጅ ወዴት እንደምሄድ ጠየቀችኝ።

«ልጄን ላስወጣ።»

«ውይ፣ ከእስር?»

«ከዳንስ።»

ሳቋን በሻርፗ ሸፈነች። ከዚያ አጽናናችኝ፤ እንዲህ ያለው ጭፈራ ሠርግ ላይ ሴት ለሴት ብቻ ነው፣ ስልክ እንኳ በር ላይ ይሰበስባሉ አለችኝ። ጎራዴውንስ ይሰበስቡታል ወይ አልኳት። ሻርፗን መልሳ አፏ ላይ አደረገች።

2 ሰዓት ተኩል፤ ሳልሚያ

ፀጉር ቤቱ ለደንበኛ ገና አልተከፈተም፤ ከውስጥ ግን ከበሮ ይመታል። ወንበሮቹ ወደ ግድግዳ ተገፍተዋል። ወለሉ ላይ ምርኩዝ፣ መጋረጃ የሚያህል የሐር ሻሽ፣ ሻማ የተሰካበት ትሪ፤ ለካ ሁሉም የጭፈራ ዕቃ ነው። አስተማሪዋ ኡም ከሪም የምትባል ወፍራም ግብፃዊት ናት።

መጀመሪያ ጎራዴውን ከዘምዘም እጅ ነጥቄ ስለቱን በጣቴ ሞከርኩ። ሽንኩርት አይቆርጥም። ፍርሃቴ ግን አልወጣ አለ፤ ይኼን ጭፈራ አሁኑኑ ተይ፣ አገር ቤት ቢሰሙ ምን ይሉናል አልኳት። ዘምዘም ለሚመጣው ሳምንት ሠርግ እንድትጨፍር ተመርጣለች፤ ተይ ስላት ዓይኗ ውሃ ሞላ፣ አፏ ግን አልተሸነፈም።

«እማ፣ ጎራዴውን ተሸክመሽ መስተዋቱ ጋ ደርሰሽ ከተመለስሽ እተዋለሁ። ከወደቀብሽ እቀጥላለሁ።»

እሺ አልኩ። ኡም ከሪም ሳቀችና «አበሻ አይደለሽ? ውሃ በአናትሽ ተሸክመሽ ነው ያደግሽው» አለችኝ። እኛ በጀርባችን ነው የምናዝለው አልኳት። ሰምታኝም ጎራዴውን አናቴ ላይ ጫነችው።

ወገብሽ ይሂድ፣ ከወገብ በላይ ያለሽ ይተኛ ትለኛለች። አራት ልጅ የወለደ ወገብ ወዴት ይሂድ? ወገቤን ትቼ በእግሬ ሄድኩ። ለካ ፍርሃት ለዚህ ይጠቅማል፤ አንገቴ ደርቆ ጎራዴው ግንብ ላይ የተኛ ይመስላል። መስተዋቱ ጋ ደረስኩ። ዞርኩ። አምስት እርምጃ ቀረኝ፣ አራት፣ ሦስት።

ዘምዘምን አየኋት። ከንፈሯን ነክሳ፣ እጆቿን አጣጥፋ ቆማለች። ኩዌት ከመጣች ወዲህ ምንም ነገር እንዲህ ስትፈልግ አይቻት አላውቅም።

ኡም ከሪም ከበሮውን ደለቀችው። ቀኝ ትከሻዬ ተነሳ፣ ግራው ተከተለ፣ ከዚያ ሁለቱም እስክስታቸውን ወረዱት። ጎራዴው ወለሉ ላይ ተንቋቋ። ኡም ከሪም ትከሻ ክልክል ነው እያለች ትጮኻለች፤ ዘምዘም አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ትስቃለች።

9 ሰዓት፤ ፋሐሂል

ማዳም በር ላይ ጠብቃ ልጄን ጭፈራውን አስትቻት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ተሸነፍኩ አልኳት፤ የወሎ ሰው ከበሮ ሲሰማ ትከሻው አይታዘዝለትም ብዬ አስረዳኋት። አመነችኝ።

አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ትከሻዬ ሳላዘው ተነቃንቆ አያውቅም።