በደከመ ድንጋይ የተማርኩት አገውኛ

አገውኛ የተማርኩት ከሚያጣጥር ቴፕ ነው፤ ይህን ስናገርም በኩራት ነው። የሚስቅ ይሳቅ። ከሳቁብኝ ሰዎች አንዳቸውም እኔ ያየሁትን ቀን አላዩም።

አስቀድሜ ስለ ምላሴ ልናዘዝ። ያደግሁት ደብረ ማርቆስ፣ ሰባት ልጅ ባለበት ቤት ነው፤ እዚያ ቤት ቶሎ ያልተናገረ አይሰማም፣ ቶሎ ያልበላም አይጠግብም። ስናገር አንዱ ቃል የሌላውን ተረከዝ ይረግጣል። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ ማን እያባረረሽ ነው?» ትለኝ ነበር። በአዋላጅ ነርስነት ተመርቄ በአገው ምድር፣ ዘንገና አካባቢ ወዳለ የገጠር ጤና ጣቢያ ስመደብ ይዤው የሄድኩት ይህንኑ ምላስ ነው።

ጤና ጣቢያው ገና መብራት አልገባለትም። የክትባቱ ማቀዝቀዣ የሚሠራው በነጭ ጋዝ ነው። ማዋለጃ ክፍሉ ንጹሕ፣ አልጋው አዲስ፣ መሣሪያው ሁሉ የተሟላ ነበር፤ የጠፋው ወላድ ነው። የአካባቢው ሴቶች የሚወልዱት ቤታቸው ነበር። ምክንያቱ የገባኝ አንዲት ወጣት ነፍሰ ጡር ከአማቷ ጋር ለምርመራ በመጣች ቀን ነው።

ይህች ልጅ ቤቷ ከግቢያችን አጥር ማዶ ነው። የመጀመሪያ ልጇን ሁለት ቀን ሙሉ ቤቷ አምጣ የወለደችው ሞቶ ነበር። የነገሩኝ የጤና ጣቢያው ጥበቃ ናቸው፤ ጎልማሳ ሰው ናቸው፣ አማርኛውንም አገውኛውንም አቀላጥፈው ይናገራሉ። አገውኛ የሚችሉት ባልደረቦቼ አብዛኛውን ቀን ለክትባት ስለሚወጡ አስተርጓሚዬ እኝሁ ጥበቃ ነበሩ። ልጅቷ አልጋው ላይ ስትቀመጥ እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ቆሙ። እኔ እጠይቃለሁ፤ እሳቸው ለግድግዳው ይናገራሉ፤ እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ ታደርጋለች። ስለ ወር አበባዋ ስጠይቅ ጥበቃው አንገታቸውን ሰበሩ እንጂ ጥያቄውን አልተረጎሙትም። በዚህ ጊዜ አማቲቱ ብድግ አሉና አንድ ነገር ተናግረው ምራታቸውን ይዘው ወጡ።

«ምን አሉ?» አልኩ።

«ምጥ በአስተርጓሚ አይማጥም ነው ያሉት፣ ሲስተር።»

በገንኩ። መጀመሪያ በአማቲቱ፣ ቀጥሎ በጥበቃው፣ ከዚያ በመደበኝ ቢሮ ተናደድኩ። የምናደድበት ሰው ሲያልቅብኝ ሴትዮዋ እውነታቸውን እንደሆነ ገባኝ። በዚያች ሰዓት በሴት ልጅ ገላና በአዋላጇ መሐል ግድግዳ የሚያይ ወንድ ምን ይሠራል? ልጅቷ የቀራት ሦስት ወር ግድም ነው። በሦስት ወር ውስጥ አፌን ካልፈታሁ ያቺ ልጅ ዳግመኛ ቤቷ ታምጣለች። ከዚያ ወዲያ ያለውን ማሰብ አልፈለግሁም።

ታላቅ ወንድሜ ዘፈን በሞባይል ሚሞሪ ማስጫን ሲጀምር የጣለውን ጥቁር ቴፕ ይዤ መጥቼ ነበር። አሁን ለሥራ ሆነልኝ። በአንድ ወረቀት ላይ የሚያስፈልገኝን ሁሉ ጻፍኩ፤ የት ያምሻል፣ መቼ ጀመረሽ፣ ልጁ ይንቀሳቀሳል ወይ፣ ተንፍሺ፣ አሁን ግፊ፣ አሁን አትግፊ፣ አይዞሽ። ወረቀቱን ምደባዬን ስጠብቅ ዳንግላ ቤቷን ተከራይቼ ለነበረች ሴትዮ ላክሁና «አገውኛ የሚያውቅ ሰው ፈልገሽ በካሴት አስቀጂልኝ» አልኳት። በሁለተኛው ሳምንት ካሴቱ በሚኒባስ ቅርባችን ካለችው ከተማ፣ ቆሰበር ደረሰ፤ አብራው አጭር ደብዳቤ ነበረች። «ጡረታ የወጡ መምህር ቀድተውልሻል። አማርኛውን ስለምታውቀው ክር አላባክንም ብለዋል፤ በወረቀትሽ ተራ ተከተዪ።»

ቁልፉን ስጫነው ቀጭ አለ። ቀጥሎ ሽሽሽ የሚል ረጅም ነፋስ መጣ፣ ጠረጴዛ ኳ ተደረገ፣ ከዚያ ወፍራም፣ ከደረት የሚወጣ፣ የማይቸኩል ድምፅ አንዱን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ደገመው። ደግሞ ኳ፣ ቀጣዩ። በሐሳቤ ጋቢ የደረቡ፣ ደጃቸው ላይ ቁጭ ብለው ሰፈር የሚያስታርቁ ግዙፍ ሽማግሌ ታዩኝ። ወዲያው ወደድኳቸው።

የቴፑን ኑሮ ግን መናገር አለብኝ። መብራት በሌለበት አገር አዲስ ባትሪ ድንጋይ የሚገባው ለማዋለጃ ክፍሉ የእጅ ባትሪ ነው። እሱ ሲፈዝ ድንጋዩ ወደ ቴፔ ይዛወራል። ቴፔ ሁልጊዜ የሚበላው ትራፊ ነበር። ድንጋዮቹን ቀን ፀሐይ ላይ አሰጣቸዋለሁ፤ ፀሐይ ስትጠፋ፣ እዚያ ብርድ አገር ደግሞ መጥፋት ትወዳለች፣ በጥርሴ ነክሼ እመልሳቸዋለሁ። ክሩ ሲያዝ በእስክርቢቶ አጠነጥነዋለሁ። ቴፑ ያቃስታል፣ ያጓራል፣ ግን መናገሩን አይተውም። እኔም ከሥር ከሥሩ እደግማለሁ። ሽማግሌው «አይዞሽ»ን በአገውኛ ሲሉ በአንድ ትንፋሽ አይጨርሷትም፤ ይጎትቷታል፣ ያሳርፏታል፣ እንደገና ያነሷታል። እኔም ጎትቼ፣ አሳርፌ፣ አነሣሁ።

ጥበቃው በመስኮቱ በኩል ሲያልፉ አንድ ቀን ቆም ብለው አዳመጡ።

«እኝህ ሰውዬ ግን እንዴት ያሉ የረጉ ሰው ናቸው፣ ሲስተር! በኛ አገር እንዲህ ተረጋግቶ የሚናገር ሰምቼ አላውቅም።»

«አስተማሪ ናቸው እኮ!» አልኳቸው፣ የተመሰገንኩት እኔ ይመስል። የሰፈሩ ሰው ከኔ ካሴት ይልቅ ሲፈጥን እሰማ ነበር፤ ግን ሰው ሁሉ የሚቸኩል፣ ትክክለኛው አገውኛ የኔ ካሴት ላይ ያለው ይመስለኝ ነበር። መልስ መስማቱን ደግሞ ከጥበቃው ጋር ሻይ ስንጠጣ እለማመዳለሁ።

ከአንድ ወር በኋላ ያቺን ነፍሰ ጡር ውኃ ቀድታ ስትመለስ መንገድ ላይ አገኘኋት። ጉሮሮዬን ጠረግሁና ካሴቱ እንዳስተማረኝ፣ ወፍራምና ዝግ ባለ ድምፅ፣ ልጁ ይንቀሳቀስ እንደሆነ ጠየቅኋት። ደንግጣ አየችኝ። ከዚያ ሳቀች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ማድረጉን እንኳ ረሳችው። ስትጨርስ እጄን ይዛ ሆዷ ላይ አኖረችውና እኔን በሚመስል ዝግታ «ይኸው፣ ይረግጣል» አለችኝ። ያለ አስተርጓሚ! መንገዱ ላይ ልዘል ምንም አልቀረኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለምርመራ ብቻዋን ትመጣ ጀመር። አማቷ ግን «ቀኑ ሲደርስ እናያለን» እንዳሉ ጸኑ።

እኔ ደግሞ ባለውለታዬን ላመሰግን አንድ ቅዳሜ ዳንግላ ወረድኩ። ከመናኸሪያው በጋሪ ተሳፍሬ፣ አንድ ኪሎ ስኳር ይዤ፣ የተነገረኝን በር አንኳኳሁ። የከፈቱልኝ ቀጠን አጠር ያሉ እናት ናቸው።

«መምህሩ አሉ?»

«የምን መምህሩ? መምህሯ እኔ ነኝ! ሲስተር ነሽ? ነይ ግቢ፣ ምን በር ላይ ያቆምሻል፣ ነይ!»

ድምፃቸው ቀጭን ነው፤ ፍጥነቱ ደግሞ ምጣድ ላይ እንደሚንጣጣ ገብስ። እኔን የሚያስንቅ ምላስ በሕይወቴ ያየሁት ያን ቀን ነው። ካሴቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው፤ እቤታቸው ካለው፣ መብራት ላይ ከተሰካው ቴፕ ውስጥ ከተቱት። ቀጭ። ሽሽ። ኳ! ኳ! ኳ! ገብሱ ተንጣጣ። ሽማግሌዬ የሉም። አገውኛው እሱ ራሱ ነው፣ ቃል በቃል አውቀዋለሁ፤ ግን ይሮጣል። ያንን ድምፅ ያወፈረውና ያዘገየው የኔ የደከመ ድንጋይ ኖሯል።

«እስቲ አንቺ በዪው» አሉኝ መምህሯ። አልኩት። በጉልበታቸው ላይ ተደፉ፤ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ልጄ፣ ይሄንን ስትዪ ምጥ የያዛት ሴት ቀርቶ የሚያርስ በሬም ይተኛል!»

አፈርኩ፤ ቀጥሎም እልህ ያዘኝ። ሁለት ወር እንደ ሞኝ ስጎትት የሰፈሩ ሰው በይሉኝታ ዝም ብሎኛል ማለት ነው። ያን ዕለት እስኪመሽ ከመምህሯ ፊት አልተነሣሁም፤ በትክክለኛው ፍጥነት አስደጋገሙኝ። ስመለስ አዲስ ድንጋይ ገዛሁና ለመጀመሪያ ጊዜ ለቴፔ አጎረስኩት። ፍጥነት ደግሞ የኔ የትውልድ ሙያዬ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ አገውኛዬ እንደ አማርኛዬ ሮጠ።

ልጅቷ የመጣችው በማለዳ ነው፤ ቤቷ አጥር ማዶ ቢሆንም አራት ወንዶች በቀርከሃ ቃሬዛ ተሸክመዋታል፣ አማቷ ከኋላ ናቸው። መምጣቷን ሳይ ደስታዬ አናቴ ላይ ወጣ። ወንዶቹን አስወጣሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ጓንቴን አጠለቅሁ፤ ከዚያ ያንን አዲሱን፣ ትክክለኛውን፣ የሚንጣጣውን አገውኛዬን ለቀቅሁት። መቼ ጀመረሽ፣ የት ያምሻል፣ ወደ ጎን ተኚ፣ ተንፍሺ። አንድም ስሕተት አልነበረበትም።

ልጅቷ ዓይኗ ፈጠጠ። ጉልበቷን ገጥማ ወደ ግድግዳው ዞረች። ስነካት እጄን ገፋችው። ከዚያ አማቷን ጠርታ የተናገረችውን ያለማንም እርዳታ ሰማሁት።

«ይህቺ ሌላ ናት። የኔዋን ጥሩልኝ።»

ሁለት ሳምንት የደከምኩበት ፍጥነት በአንዲት ቃል ፈረሰ። ብናደድም አይፈረድብኝም ነበር፤ ጊዜ ግን አልነበረም። ጎንበስ ብዬ ትከሻዋን ያዝኩና ትንፋሼን ወደ ሆዴ መለስኩት። ዝቅ አደረግሁት፣ አወፈርኩት፣ ጎተትኩት፤ «አ…ይ…ዞሽ።» ልጅቷ ዞር ብላ አየችኝ። ጉልበቷ ተፈታ። «መጣሽ?» አለችኝ፣ ከሩቅ መንገድ እንደደረስኩ ሁሉ።

መጣሁ። እስከ ቀትር ድረስ አንዲት ቃል አላፈጠንኩም። የሚገርመው እኔም ረጋሁ፤ እንደዚያ ዝግ ብሎ እየተናገሩ እጅ አይንቀጠቀጥም። ምጡ ሲበረታ ድምፄን ይበልጥ ዝቅ አደርጋለሁ፤ እሷም ትንፋሿን በድምፄ ልክ ትለካለች። አማቷ ጥግ ላይ ቆመው አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ያያሉ።

ጭንቅላቱ ሲወጣ እትብቱ አንገቱ ላይ መጠምጠሙን አየሁ። የመጀመሪያውን ልጅ ምን እንደገደለው የሚያውቅ የለም፤ እኔ ግን በዚያች ቅጽበት ያ ልጅ ትዝ አለኝ። አሁን ከገፋች እትብቱ ይጠብቃል። ገላዋ ሁሉ ግፊ ግፊ ይላታል። በአማርኛ ብሆን እጮህ ነበር፤ ጮሄም አስደነግጣት ነበር። ያንን ቃል ግን ከቴፔ ጋር ስንት ቀን ጎትቼዋለሁ! «አት…ግ…ፊ» አልኳት፤ እስኪያልቅ አቆየሁት። ዓይኗን ዓይኔ ላይ ተክላ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ እየተንቀጠቀጠች አልገፋችም። እትብቱን በጣቴ አነሣሁ፣ በራሱ ላይ አሾለክሁት። «አሁን» አልኩ።

ወጣች። ሴት ናት። ሰማያዊ ሆና ትንሽ ዝም አለች፤ ጀርባዋን አሸት አሸት ሳደርጋት አፏን ከፈተችና ክፍሉን አናወጠችው። እናትየው ጩኸቱን ስትሰማ ማልቀስ ጀመረች። እኔም አለቀስኩ፤ አዋላጅ አያለቅስም የሚል ሕግ የትም አልተማርኩም። ሕፃኗን ደረቷ ላይ አስተኛኋትና ዞር ስል አማቲቱ በሩን ወለል አድርገው ከፍተውታል።

በዚያ ሰፈር ልማድ ለወንድ ልጅ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ጊዜ እልል ይባላል። አማቲቱ ደጃፉ ላይ ቆመው አንድ አሉ፣ ሁለት አሉ፣ ሦስት አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ሊመለሱ ዞሩ። አልጋው ላይ ያለችው እናት ከትራሷ ቀና አለች።

«ይጨምሩ እንጂ! ለምን ያቆማሉ?»

አማቲቱ እሷን አዩ፣ ሕፃኗን አዩ፣ ቀጥሎ እኔን አዩኝ። ወደ ደጅ ዞሩና አራተኛውን ለቀቁት። ከአጥሩ ማዶ ያሉ ሴቶች ተቀበሏቸው። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ሞላ። ስምንተኛውን ጓንቴን እንኳ ሳላወልቅ ደጃፉ ላይ ወጥቼ እኔ ጨመርኩት፤ እሱን ደግሞ በራሴ ፍጥነት፣ በሙሉ ጉሮሮዬ።