ለጥንድ አንድ እጅ

ጎጃም በረንዳ ጀርባ ባለ የምንጣፍ እስቶር ውስጥ የምሠራው በግማሽ ቀን ሠራተኝነት ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት እገባለሁ፣ ስድስት ሰዓት ሲሆን ሂድ እባላለሁ። ሙሉ ቀን የሚባሉት ደግሞ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይቆያሉ። እንዲህ ሲነገር ደንበኛ ነገር ይመስላል፤ ግማሽ የሠራ ግማሽ ይበላል።

ግን ከባድ መኪና ቀን ቀን ከተማ ውስጥ እንዲንቀሳቀስ አይፈቀድለትም። ስለዚህ ጭነቱ የሚደርሰው በማለዳ ነው። የቀኑ ጥቅል ምንጣፍ በሙሉ ተራግፎ፣ ፎቅ ወጥቶ የሚከመረው ጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ ሙሉ ቀኖቹ ምን ይሠራሉ? ክምሩ ላይ ጋደም ብለው ቆሎ ይቆረጥማሉ። ደንበኛ ከመጣ አንዱን ምንጣፍ ዘርግተው ያሳያሉ፣ ደንበኛው «ሌላ ቀለም የለም?» ብሎ ሲሄድ መልሰው ይጠቀልሉታል። እኛ ወገባችንን አስይዘን ሄደናል። የምንወስደው ደግሞ ያኔ የእነሱን ግማሽ እንኳ አልነበረም፣ ሲሶ ነበር። በሌላ አነጋገር የእኔ ሰዓት ከእነሱ ሰዓት ያጥር ነበር።

ይህን ሁሉ ዘመን ለምን ዝም አልክ የሚለኝ ሰው አለ። ማንበብ አላውቅም ነበራ። የሠራተኛ ማኅበራችን የኅብረት ስምምነት ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ነበር፤ እኔ ከጎኑ ባለው ሚስማር ላይ ኮቴን እሰቅል ነበር። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው፤ ማታ ማታ፣ ቀን ሕፃናት በሚቀመጡበት ዴስክ ላይ ጉልበቴን አጣጥፌ። ያለ ማንም እርዳታ መጀመሪያ ያነበብኩት ጽሑፍ መሳለሚያ አካባቢ ያለ ግድግዳ ላይ የነበረ ነው። «እዚህ መሽናት ያስቀጣል» ይላል። አንብቤ ስጨርስ እኔም ልጨርስ ምንም አልቀረኝም ነበር። ዓመታት ሙሉ በሰላም የሸናሁበት ግድግዳ ከዚያ በኋላ ያሳቅቀኝ ጀመር። ማንበብ ለጤና ጥሩ ነው የሚሉ ሰዎች አስተማሪዎች ናቸው፤ ደመወዝ ይከፈላቸዋል። እኔ ለሙሉ ቀኖቹ ስንት እንደሚከፈል ስምምነቱ ላይ ያነበብኩ ቀን ጨጓራዬ ተነሳ፣ እስከ ዛሬም አልተኛም።

ስለ ሥራው ትንሽ ልናገር፣ ያለዚያ የሚመጣው አይገባም። ጥቅል ምንጣፍ ብቻውን የሚሸከም ሰው የለም። በሁለት ሰው ትከሻ ነው የሚሄደው፣ በፊተኛና በኋለኛ። ፊተኛው መንገዱን ያያል፣ ይጠራል፤ «ደረጃ»፣ «ወደ ግራ»፣ «ሴትዮዋን ተጠንቀቅ»። ኋለኛው የሚታየው የፊተኛው ማጅራት ብቻ ነው። በእኛ እስቶር ጥንድ አይቀየርም። ስትቀጠር የተጣመርከው ሰው እስኪወጣ ወይም እስኪሞት ያንተ ነው። እሱ ከቀረ አንተም ተገትረህ ትውላለህ፤ ከሌላ ሰው ጋር እርምጃህ አይገጥምም። ጠዋት ግቢው ውስጥ ስንሰለፍም፣ ምሳ ስንበላም፣ ለቅሶ ስንደርስም ጥንድ ጥንድ ነን። ከቆዩት ሙሉ ቀኖች ፊተኛ ያልሆነ የለም፤ ከኋላ የምንሆነው እኛ ግማሽ ቀኖች ነን። በኋላ ደግሞ አሠሪው ሙሉ ቀን መቅጠሩን ሲያቆም ሁለቱም ግማሽ ቀን የሆኑ አዳዲስ ጥንዶች መጡ።

የእኔ ፊተኛ የጎጃም ሰው ናቸው፣ ያኔ ለጡረታ ጥቂት የቀራቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። እኔ የወሎ እስላም ነኝ። እሳቸው ሁዳዴን ሲጾሙ እኔ ኋላቸው ሆኜ አገሳባቸዋለሁ። ረመዳን ሲገባ እሳቸው ፊት ፊት እየሄዱ ስለ ጥብስ ያወራሉ፤ ሽንኩርቱ እንዴት እንደሚቁላላ ሳይቀር። ሁለቱ ጾም የገጠመ ዓመት ግን ሁለት የተራቡ ሰዎች አንድ ጥቅል ተሸክመን ጠዋቱን ሙሉ ስንሰዳደብ አሳለፍን። ማጅራታቸውን ከባለቤታቸው ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ። ሲናደዱ መሃሉ ላይ ያለችው ጠባሳ ትቀላለች።

ስምምነቱ የሚታደስበት ጊዜ ደረሰ። ሊቀመንበራችን እስቶር ኪፐሩ ነበር፤ ደረት ኪሱ ላይ እስክሪብቶ የሚደረድር፣ ማይክራፎን ሳይኖር «ይሰማል? ይሰማል?» ብሎ ንግግር የሚጀምር ሰው። አንድ ማለዳ መኪና እየጠበቅን ሳለ ሰበሰበንና አሠሪው አንድ ጠቅላላ ጭማሪ እንደፈቀደ ነገረን። እንዴት እንደምንከፋፈለው ግን ለእኛ ትቶታል አለ። ቸርነት እንዲህ ነው። አጥንቱን መሃል ላይ ወርውሮ በሩን ዘግቶ መሄድ።

ምርጫው ሁለት ነበር። አንደኛው፣ ጭማሪው በሙሉ ለሙሉ ቀኖቹ ደመወዝ ይግባ። ሁለተኛው፣ የግማሽ ቀን ሠራተኛ ሰዓት ከሙሉ ቀን ሠራተኛ ሰዓት ጋር እኩል ይከፈል። ሁለተኛው ካለፈ ለሙሉ ቀኖቹ የሚተርፋቸው ከምንም የማይሻል ነው።

እጄን አወጣሁ። «የእኔ ሰዓት ስንት ደቂቃ ነው?» አልኩት።

«ምን ለማለት ነው?»

«የእነሱ ስልሳ ነው። የእኔን ንገረኝና ሰዓቴን ላስተካክል።»

ሳቅ ሆነ። «ወንድሜ፣ እዚህ ለቀልድ አይደለም የተሰበሰብነው» አለ ሊቀመንበሩ።

«ደመወዜን አይተኸው ታውቃለህ? ቀልዱን የጀመርኩት እኔ አይደለሁም።»

ከሙሉ ቀኖቹ አንዱ፣ ሆዱ ቀበቶውን የሸፈነበት ሰው፣ ተነሳ። «እናንተ ከሰዓት ቤታችሁ ትተኛላችሁ። እኛ እዚህ ሆነን እስቶሩን እንጠብቃለን።»

«ምኑን ነው የምትጠብቀው፣ ቆሎውን?» አለው ከእኛ ወገን አንዱ።

ሊቀመንበሩ ድምፅ ይሰጥ አለ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና ይቺን ጨመረባት፤ «የግማሽ ቀን አባላት የምታዋጡት መዋጮ ያነሰ ስለሆነ፣ ድምፃችሁ ሁለት ሆናችሁ እንደ አንድ ይቆጠራል።»

ከኋላ አንድ ድምፅ መጣ። «ስንሞትም ለሁለት አንድ ጉድጓድ ልትሰጡን ነው?»

ጫጫታ ሆነ። በዚህ መሃል መኪናው ደረሰ፤ ሾፌሩ ጥሩምባውን ይዞ አለቀቀም። አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ታርጋዬን ትራፊክ ሳይፈታብኝ አራግፉልኝ ይላል። ሊቀመንበሩ ተጣደፈ። «ቁሙ፣ ግማሽ ቀኖች ሁለት ሁለት ሆናችሁ ቁሙ፤ ልቆጥር ነው» አለ።

ተነሳን። እግር ግን የለመደውን ነው የሚያውቀው። መኪና ጥሩምባ እየነፋ ተነሱ ስንባል ምን እንደምናደርግ ሰውነታችን ያውቃል። እያንዳንዱ ኋለኛ ሄዶ ከፊተኛው ጀርባ ቆመ። ማንም ያሰበበት የለም። ዞር ብዬ ሳይ ግቢው በሙሉ፣ ሙሉ ቀንና ግማሽ ቀን፣ እንደ ወትሮው ማለዳ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ተሰልፏል።

ሊቀመንበሩ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ዘጋው። ሲያሰላ አየሁት። ፊተኛው ሙሉ ቀን ነው፣ በዕድሜም ይበልጣል፣ መንገዱን የሚጠራውም እሱ ነው። ኋለኛ ፊተኛውን አልፎ መቼ ወሰነ? ከአዲሶቹ ጥንዶች በቀር ሁሉም በእጁ ነው። «መልካም፣ እንደዚሁ ይሁን» አለ። «ለጥንድ አንድ እጅ። ተነጋገሩና አንሱ።»

ግቢው የባልና ሚስት ጠብ የሰፈረበት ሰፈር መሰለ። «ነገ ጫፉን ማን እንደሚያነሳልህ አያለሁ» ይላል አንዱ። «አንተን ሸክም ያስተማርኩህ እኔ አይደለሁም?» ይላል ሌላው። ጋሼ አልዞሩም። እኔም የማወራው ከማጅራታቸው ጋር ነበር፣ እንደ ሁልጊዜው።

«ጋሼ፣ ለሁለተኛው ያንሱ።»

«ለምን ብዬ?»

«ልክ ስለሆነ።»

«ልክ አይደለም እሱ፣ አንተ የፈለግኸው ነው። የእኔ ጡረታ የሚታሰበው በመጨረሻዎቹ ዓመታት ደመወዜ ነው። አሁን ካልጨመረ መቼ ሊጨምር ነው፣ ከተቀበርኩ በኋላ?»

«እውነትዎን ነው።»

«እና?»

«እና ያንሱ።»

«ምን አገኝበታለሁ?»

አሰብኩ። «ምንም።»

«ኧረ ቢያንስ ዋሸኝ፣ አንተ ደረቅ» አሉ። «ሚስቴ ታማለች በል። ልጄን ከትምህርት ቤት አባረሩብኝ በል። ሰው እንዲህ ባዶ እጁን ይለምናል?»

«ሚስቴ ደህና ናት። ልጆቼም ደህና ናቸው። ከእርስዎ ጋር አንድ ጥቅል ተሸክሜ ሲሶ መብላት አንገሸገሸኝ፣ ሌላ ነገር የለኝም።»

«ኋላው ይቀላል።»

«ሜዳ ላይ ነዋ። ደረጃ ስንወጣስ ማን ላይ ነው የሚያርፈው?»

ጠባሳዋ ቀላች።

«አንደኛው ምርጫ፣ እጅ» አለ ሊቀመንበሩ። የፊተኞች እጅ ወጣ፤ ብዙ ነው። የአንዳንዱን ክንድ ኋለኛው ሊይዘው ሲሞክር በክርን እየተገፋ። የጋሼ እጅ እስከ አገጫቸው ወጣና ቆመ።

«ጋሼ፣ ልቁጠረው?»

«ጢሜን እያከክሁ ነው» አሉ።

ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

«ሁለተኛው ምርጫ።» የአዲሶቹ ጥንዶች እጅ ቶሎ ወጣ። ከእኛ ዓይነቶቹም ወጣ ወጣ አለ፤ አንዱ ፊተኛ እያማረረ፣ አንዱ ጭራሽ ዓይኑን ጨፍኖ። የጋሼ እጅ ወርዶ ጎናቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ያን ጊዜ አንጓቸውን ያዝኩና ወደ ላይ አነሳሁት።

ሸክም የሚሠራ ሰው አንድ ነገር ያውቃል። ሰው ዕቃውን ሲለቅልህና አንተ ስትነጥቀው ክብደቱ አንድ አይደለም። የተነጠቀ ዕቃ ይጎትትሃል። የጋሼ ክንድ አልጎተተኝም። እንደ ባዶ ጆንያ ከእኔ ጋር ወጣ፣ እላይም ስይዘው ቆየ። ማጅራታቸውን አየሁት፣ እሳቸው መኪናውን ያያሉ።

«የማን እጅ ነው ያ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«የጥንዱ ነው። ለጥንድ አንድ እጅ አላልክም?»

ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ። እስክሪብቶ አወጣ፣ መልሶ ከተተ። ሁለተኛው በአንድ እጅ አለፈ። ሾፌሩ ወርዶ በሩን ሲደበድብ ሄደን ጥቅላችንን ተሸከምን። ጋሼ «ደረጃ»ም «ግራ»ም ብለው ጠሩ፣ ከዚያ ውጭ ለሳምንት አንድ ቃል አልተነፈሱልኝም።

ስምምነቱ ተፈረመ፣ ሰዓቴም እንደ ሰው ሰዓት ስልሳ ደቂቃ ሆነች። ጋሼ ትንሽ ቆይተው ጡረታ ወጡ። ጡረታቸው ሊሆን ከሚችለው ያነሰ ነው፣ ያነሰውም በዚያች እጅ ነው። አልጸጸትም፤ ነገም ቢሆን አንጓቸውን እይዘዋለሁ። እሳቸው ላገኙት ሁሉ «ያ ወሎዬ እጄን ጠምዝዞ አነሳብኝ» ይላሉ። ሙሉ ቀኖቹ ጓደኞቻቸው ያምኗቸዋል፣ እኔንም ሲያዩ ምራቃቸውን ይተፋሉ። አላስተባብልም። ለቀውልኝ ነው ብል አጠገባቸው የሚቀመጥ ሽማግሌ አያገኙም።

ብቻ ዋጋውን ያስከፍሉኛል። በየወሩ ደመወዝ የምወስድበትን ቀን ያውቁታል። ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በእግራቸው ይመጡና ከእስቶሩ ፊት ለፊት ያለው ፉል ቤት ገብተው ይጠብቁኛል። ጾም ካልሆነ ስፔሻል ነው የሚያዙት፣ ከነእንቁላሉ፣ ከነእርጎው፣ ዳቦ ተጨምሮ። አስተናጋጇ «ዛሬም ግብዣ ነው?» ስትላቸው «ምን ግብዣ አለ፣ ጡረታዬን እየበላሁ ነው» ይሏታል። እኔ እከፍላለሁ።

ባለፈው ወር ኑሮው ከበደኝና «ጋሼ፣ ዛሬ ኖርማል ፉል ቢሆንስ?» አልኳቸው።

ዳቦውን አስቀመጡና ትክ ብለው አዩኝ። «እጄን መልስልኝ» አሉ።

ስፔሻል አዘዝኩ።