የአልጣሽ እሸት

ብልባላ ላይ አልጣሽ የሠራችውን ማድጋ ያልገዛ ቤት የለም፤ እሷ ስታልፍ የልጁን ፊት የማይሸፍነው ግን የውባንቺ ቤት ብቻ ነበር። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ናት ይላል አገሩ። ከማድጋዋ ቀድቶ ሲጠጣ ደግሞ ቡዳነቷ ትዝ አይለውም፤ ጉድ እኮ ነው። ውባንቺ ገበያ ስትሄድ የአራት ዓመት ልጇን፣ ተክለ ሚካኤልን፣ እሷው ዘንድ ጥላው ትሄዳለች። መውለድ ያልሆነላት አልጣሽ ያን ቀን እንደ ዓመት በዓል ትጠብቀዋለች።

ባለፈው ጥቅምት፣ እናቱ ለሕፃን ሆድ አይስማማም ብላ ሰጥታው የማታውቀውን ባቄላ እሸት፣ አልጣሽ እየፈለፈለች አጎረሰችው። ሳይውል ሳያድር ዓይኑ ቢጫ ሆነ፤ ሽንቱም እንደ ጠላ ጠቆረ። ጤና ጣቢያ ቢያደርሱትም የዘመዶቹ ወሬ «ማን በላው?» ብቻ ነበር። ወደ ቤት መልሰን ጭስ እናስሸትተው ብለው ተነሡ። ነርሷ ፈይሩዝ ግን የጠየቀችው ሌላ ነው፤ ምን በላ?

እናቱ አላወቀችም። አልጣሽ በር ላይ ቆማ ጥያቄውን ሰማች። ብትናገር በገዛ አፏ በራሷ ላይ መመስከሯ ነው፤ ዝም ብትል ልጁን ወስደው በጭስ ሊያፍኑት ነው። ፈራች፤ በጣም ፈራች።

«ባቄላ እሸት። እኔ ነኝ ያበላሁት» አለች።

ፈይሩዝ ወዲያው ገባት። አንዳንድ ሰው ላይ ባቄላ ደሙን እንደ ዝገት እንደሚበላው ነገረቻቸው። ሌላው የሰውነት ሴል አደጋ ሲደርስበት በውስጡ መልእክት ይቀባበላል፤ መልእክቱ የሴሉ ማዘዣ ከሆነው አስኳል ዘንድ ሲደርስ መከላከያ ይሠራል። ቀይ የደም ሴል ግን አስኳል የለውም፤ የሚዋጋው ሲፈጠር በያዘው ስንቅ ብቻ ነው። የዚህ ልጅ ስንቅ ከውልደቱ ጎዶሎ ሳይሆን አይቀርም፤ አሁን ደም ያስፈልገዋል።

«የሰው ዓይን አይደለም» አለች። «ማንም አላጠፋም።»

ላሊበላ ወስደው ደም ሰጡት፤ ተረፈ። ሲመለሱ አልጣሽ ልትጠይቀው ሄደች። ውባንቺ ደጃፉ ላይ ቆማ ጠበቀቻት፤ ግቢም አላለቻት።

«ነርሷ ያለችውን ሰምቻለሁ» አለቻት፣ ዓይኗን ሳታይ። «ቢሆንም አንቺ ባታበዪው ኖሮ አይበላም ነበር።»

«አይበላም» የሚለውን ቃል አላልታው ቢሆን እውነት ነውና አልጣሽ በተቀበለችው። ውባንቺ ግን «በ»ዋን አጥብቃ ነው ያለቻት።